ዛሬ ከ41ዱ ስንት ወጡ?

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ «ባቡር» ከተባሉት ነገሮች አንዱ ሐዲድ አልነበረውም። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነበር። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እህል የሚፈጨው ሞተር «የወፍጮ ባቡር» ሆነ፤ በሰማይ የሚበረው ሲመጣ ደግሞ «የአየር ባቡር» ተባለ። በራሱ ጉልበት የሚንቀሳቀስና የሚጮኽ ነገር ሁሉ ባቡር ስለነበረ፣ ከጅቡቲ የሚመጣውን ለመለየት «የምድር ባቡር» ማለት ግድ ሆነ። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በዚህ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ላይ ነው፤ በ«ቀላል ባቡር»።

«ቀላል» የሚለው ቅጽል መጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ከሜትሮ የሚያንሰውን፣ ከድሮው የመንገድ ትራም ግን የሚበልጠውን የከተማ ባቡር ለመጥራት ያወጡት ስም ነው። የሚሸከመው ሕዝብም የሚጠይቀው ግንባታም ከሜትሮ ስለሚያንስ ቀላል ተባለ። አማርኛ ግን ለዚህ ቃል ሁለት ፍቺ ይሰጠዋል፤ የማይከብደውም ቀላል ነው፣ የማያስቸግረውም ቀላል ነው። የአዲስ አበባው ባቡር ሁለተኛውን ፍቺ ሲያስተባብል ኖሯል።

ነገሩ የሚጀምረው ከለገሀር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰና እዚያው ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ነበር፣ የአውሮፓ መንግሥታትም በባቡሩ ላይ ይሻኮቱ ነበር። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ይኸው መቆም ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ባቡሩን ያገኘችው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው የለገሀር ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው። «ለገሀር» የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። እንግዲህ የዛሬው ቀላል ባቡር ተሳፋሪ «ለገሀር ጣቢያ ወራጅ ነኝ» ሲል «ጣቢያው ጣቢያ» እያለ ነው። ማንም አያርመውም፤ ማረምም አያስፈልግም።

ያ ባቡር አገር አቋራጭ እንጂ ከተማ ውስጥ የሚያመላልስ አልነበረም። የከተማው ሕዝብ መቶ ዓመት ያህል በእግሩ፣ በጋሪ፣ በአንበሳ አውቶቡስ፣ በውይይት ታክሲ፣ ኋላም በሚኒባስ ኖረ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም አሮጌው ሐዲድ ወደ መጨረሻው ተቃርቦ ነበር። የከተማው ባቡር ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶውን የቻይናው ኤግዚም ባንክ አበደረ፣ ቀሪውን መንግሥት ሸፈነ። የገነባው የቻይናው የባቡር ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ነው። የሙከራ ጉዞው በጥር 2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው መሄጃ ሳይኖረው ለማየት ብቻ ተሳፈረ። ከጫፍ ጫፍ ሄዶ የተመለሰ ሽማግሌ፣ ልጆቹን ይዞ የወጣ አባት፣ በመስኮት ሰፈሩን ከላይ አይቶ የተገረመ ሁሉ ነበረበት።

ስለ ርዝመቱ ሁለት ቁጥር ይነገራል። አንዱ 34 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 31.6። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 16.9። ሲደመሩ 34.3 ይሆናሉ። ነገር ግን ሁለቱ መስመሮች መሐል ከተማ ላይ 2.7 ኪሎ ሜትር አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ያንን አንዴ ብቻ ስንቆጥረው 31.6 ይቀራል። ጣቢያውም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ መስመር 22 ጣቢያ አለው፣ አምስቱ የጋራ ናቸው፣ ስለዚህ ከተማው ያለው 39 ጣቢያ ነው።

የጣቢያዎቹን ስም በተርታ የሚያነብ ሰው የከተማዋን ታሪክ ይሰማል። ለገሀር ፈረንሳይኛ ነው አልን። ላንቻ ከጣሊያኑ የላንቻ መኪና የቀረ ስም ነው። ዳርማር የድሮ ጫማ ፋብሪካ ነበር። ኮካ ኮላ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካውን፣ ተግባረ ዕድ የሙያ ትምህርት ቤቱን ይዟል። ሜክሲኮ የፋሺስት ወረራን ተቃውማ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆመች ሩቅ አገር የተሰጠ የምስጋና ስም ነው። ጠመንጃ ያዥ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ጉርድ ሾላ እያለ ይቀጥላል። አትክልት ተራ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነገር አለው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ጣቢያው ግን ዛሬም አትክልት ተራ ነው።

አሁን ወደዚያች 2.7 ኪሎ ሜትር እንመለስ፤ የባቡሩ ውሎ የሚወሰነው እዚያ ነውና።

ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለው ይህ ክፍል በድልድይ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ስታዲየም፣ ለገሀር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ። ሁለቱም መስመሮች በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች ያልፋሉ። ለተሳፋሪው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከሲኤምሲ የመጣ ሰው መርካቶ መሄድ ቢፈልግ ደረጃ ሳይወርድ፣ መንገድ ሳያቋርጥ፣ በዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ሌላኛውን ባቡር ይጠብቃል። ለአሠራሩ ግን አንገት ነው። እያንዳንዱ መስመር በየስድስት ደቂቃው አንድ ባቡር ቢልክ፣ በጋራው ክፍል ላይ በየሦስት ደቂቃው አንድ ያልፋል ማለት ነው። አንደኛው ሜክሲኮ ላይ በር አልዘጋ ብሎት አምስት ደቂቃ ቢቆም፣ ከኋላው ያለው ስታዲየም ላይ ይቆማል፣ የዚያ ተከታይ ደግሞ መገንጠያው ላይ። ቃሊቲ ያለው ሰው ለምን እንደዘገየበት አያውቅም፤ የዘገየው በማያውቀው በአያት ባቡር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሁለት መስመር በአንድ ጉሮሮ የሚተነፍስበት አሠራር ርካሽ ነው፤ ድልድይም ጣቢያም ያተርፋል። ዋጋው የሚከፈለው በየቀኑ በደቂቃ ነው።

አዲስ አበቤው ከባቡሩ ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የጠፋው ነገር «ወራጅ አለ!» የሚለው ጥሪ ነው። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ያለ ሰው በሩ ፊት ለፊት፣ ከሱቁ አጠገብ፣ አልፎ አልፎም ቀለበት መንገድ ዳር ይወርዳል። ባቡሩ ማንንም አይሰማም፤ የሚቆመው ጣቢያ ላይ ነው፣ በሩ ከተዘጋ ተዘጋ። ረዳት የለም፣ መልስ አይጠየቅም። ቲኬቱ አስቀድሞ ከጣቢያው አጠገብ ካለው መስኮት ይቆረጣል። አገልግሎቱ ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ጣት የምታክል ወረቀት ናት፤ ተሳፋሪው በመዳፉ ጨብጦ፣ አንዳንዱ በቀለበቱ ሥር ወትፎ፣ ተቆጣጣሪ እስኪያያት ይጠብቃታል። ጠዋት ከአያት የሚነሳው ባቡር ጉርድ ሾላ ሲደርስ እጅ ማንቀሳቀሻ ስለማይኖር፣ ቲኬቷን ኪሱ የከተተ ሰው ከነኪሱ መፈተሽ ያምረዋል።

«መብራት ሲጠፋስ?» ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ የከተማ ነዋሪ አልነበረም። ባቡሩ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ጣሪያው ላይ ያለው የሚታጠፍ ክንድ ሽቦውን እየዳሰሰ ይሄዳል፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሮቹን አሽከርክሮ በመንኮራኩሩና በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። ይህን ኃይል የሚያዘጋጁለት ለእሱ ብቻ የተሠሩ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ናቸው፤ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ባቡሩ አብሮ እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። ይህ ማለት ግን አይነካም ማለት አይደለም። የኬብል ስርቆት አለ፤ አጥር ጥሶ ሐዲድ ላይ የሚወጣ መኪናም አለ። አንድ ጭነት መኪና ሌሊት አጥሩን ጥሶ ቢገባ፣ ጠዋት ሥራ የሚገባው ሕዝብ ነው ማርፈዱን የሚሸከመው።

ይሁንና ባቡሩን እያደከመ ያለው የመብራት መጥፋት አይደለም፤ መንኮራኩሩ ነው።

ሰዉ «ጎማ» ይለዋል። መንገዱ ላይ የሚሽከረከረው ግን ብረት በብረት ላይ ነው፤ አንዱ መንኮራኩር ሐዲዱን የሚነካበት ስፍራ ከአንዲት ሳንቲም ብዙ አይሰፋም። ያ ሁሉ ብረትና ያ ሁሉ ሰው በእነዚያ ሳንቲሞች ላይ ነው የሚቆመው። ከመኪና በተለየ፣ በተለመደው የባቡር አሠራር ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው ስለሚዞሩ አንዱ ከሌላው ሊፈጥን አይችልም። ታዲያ መታጠፊያ ላይ የውጪው ረጅም መንገድ፣ የውስጡ አጭር መንገድ እንዴት ይሄዳሉ? መልሱ በቅርጹ ላይ ነው። የመንኮራኩሩ ፊት ልሙጥ ሲሊንደር አይደለም፤ ወደ ውጭ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ጫፉ የተቆረጠ ቆብ ዓይነት ነው። ባቡሩ ሲታጠፍ ዘንጉ ትንሽ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ የውጪው መንኮራኩር በወፍራም ጎኑ፣ የውስጡ በቀጭኑ ይሄዳል፤ አንዱ ዙር ረዘመ፣ ሌላው አጠረ። ብልህ ዘዴ ነው። ለሰፊ መታጠፊያ ይበቃል፤ ለጠባቡ ግን አይበቃም። ያኔ ሥራው በመንኮራኩሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ባለው ከፍ ያለ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ከንፈሩ ሐዲዱን እየፋቀ ያዞረዋል። ባቡር ሲታጠፍ የሚሰማው ያ ጥርስ የሚያፋጭ ሲጥታ የመፋቁ ድምፅ ነው፤ ብረት ዱቄት እየሆነ ነው።

የከተማ ሐዲድ በሜዳ ላይ እንደሚዘረጋው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሕንፃ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አደባባይ እየሸሸ ይጠማዘዛል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ከተማ ናት። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ሲደረስ ከ200 ሜትር በላይ ቁልቁለት ተወርዷል፤ ያ ሁሉ በፍሬን ተይዞ ነው የሚወረደው፣ ሽቅብ ደግሞ በሞተር ይገፋል። ከንፈሩ ሲሳሳ መንኮራኩሩ መላጊያ ማሽን ላይ ወጥቶ እንደ አዲስ ይቀረጻል። እርሳስ እንደ መቅረጽ ነው፤ በተቀረጸ ቁጥር ያጥራል። የጎረቤቱም መንኮራኩር አብሮ እንዲያጥር ግድ ነው፤ እኩል ካልሆኑ ይበላላሉ። ከተወሰነ ልክ በታች ሲሆን መጣል አለበት፤ አዲስ ይፈለጋል። አዲሱ የሚመጣው ባቡሮቹ ከተሠሩበት ከቻይና ነው፣ የሚገዛውም በዶላር ነው።

41 ባቡሮች ነበሩ የተገዙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ41ዱ አብዛኞቹ መለዋወጫ እየጠበቁ በአያትና በቃሊቲ ዴፖዎች የቆሙበት ጊዜ መጣ። አዲስ መኪና ገዝቶ ለዘይት ለውጥ የሚሆን ገንዘብ ያላስቀመጠ ሰው ያጋጠመው ዓይነት ነገር ነው፤ ልዩነቱ መኪናው የሦስት አውቶቡስ ያህል ሰው መጫኑ ነው። መጀመሪያ ላይ አሠራሩን ከገንቢው ጋር የሼንዘን ሜትሮ ሰዎች ይመሩት ነበር፣ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎችና ቴክኒሻኖችም አብረው ሠለጠኑ። ሥልጠናው ባለሙያ ሰጠ፤ ዕቃ ግን ሊሰጥ አይችልም።

የገንዘቡን ነገር በጣት እንቁጠረው። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በቀን ከ100,000 በላይ ሰው ይሳፈር ነበር። 100,000ው ሁሉ ትልቁን 6 ብር ከፈለ እንበል፤ ብዙው እንደማይከፍል እያወቅን። በቀን 600,000 ብር፣ በዓመት 219 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ያኔ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ይበልጣል። ከዚህ ላይ ደመወዝ፣ መብራት፣ ጥገና አንድም ሳንቲም ሳይነካው፣ ወለድም ሳይቆጠር፣ 475 ሚሊዮኑን ለመመለስ ከ45 ዓመት በላይ ይፈጃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላሩ በአጭር ጊዜ ከእጥፍ ያላነሰ ሆነ፤ የመንኮራኩሩም ዋጋ በብር አብሮ ወጣ። ይህ ሒሳብ ባቡሩ መሠራት አልነበረበትም ለማለት አይደለም። በዓለም ላይ በቲኬት ብቻ የግንባታ ወጪውን የመለሰ የከተማ ባቡር ማግኘት ብርቅ ነው፤ ጎዳናም ቲኬት አይቆርጥም፣ ግን ይሠራል። ጥያቄው ድጎማው ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ለምረቃ ሪባን የተገኘው ገንዘብ ለመንኮራኩር ለምን አልታሰበም የሚለው ነው። በዚህ ንግግር አዘጋጅ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው።

ሌላ ቅሬታም አለ፤ አጥሩ። ባቡሩ በመሬት ላይ በሚሄድበት ሁሉ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ሱቁ ወዲህ፣ ዳቦ ቤቱ ወዲያ ሆኖ፣ ቀድሞ በሃያ ርምጃ የሚሻገር ሰው ማቋረጫ ፍለጋ ይዞራል፤ ወይም አጥር ይዘልላል። መኪናም ለአንድ ዙር ሩቅ ይሄዳል። ይህን ያልጠበቀ ንድፍ እግረኛውን ረስቷል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከምንም በላይ የእግረኛ ከተማ ናት። በአንጻሩ ለቅርስ ሲባል የተደረገ ጥንቃቄም ነበር። በጊዮርጊስ በኩል ሐዲዱ ከመሬት በታች ሲገባ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ተነሣ፤ ከተማው ብዙ ተነጋገረበት፣ ይመለሳል አይመለስም ተብሎ ተጠራጠረ። በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። ጳጳሱ ዛሬ ቆመው ከእግራቸው በታች ባቡር ያልፋል።

ብቻችንን አይደለንም። የናይጄሪያዋ አቡጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ቀላል ባቡሯን አስመረቀች፤ በ2020 ቆመ፣ ዳግመኛ የተንቀሳቀሰው በ2024 ነው። የሞሮኮዋ ራባት ግን ትራሟን በ2011 ከፍታ ከዚያም መስመሩን ማራዘም ችላለች። ልዩነቱን ሐዲዱ አያሳይም፤ ሁለቱም ጋ ብረቱ ያው ነው።

አንድ ያልተሠራ ሐዲድም ይጠቀስ። የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የቀላል ባቡሩ 1,435 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም 1,435 ነው። ሁለቱ የሐዲድ ስፋታቸው አንድ ሆኖ አይገናኙም። ከድሬዳዋ ለቡ ጣቢያ የሚደርስ መንገደኛ ሻንጣውን ተሸክሞ ታክሲ ይፈልጋል፤ ቀላል ባቡሩ ወደዚያ አይደርስም።

ስለዚህ ቀላል ባቡሩን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች አንድ ልመና ይቀርባል፤ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ። በየጣቢያው የቲኬት መስኮት ላይ፣ ከዋጋው ዝርዝር አጠገብ፣ ጠዋት ጠዋት በጠመኔ የሚጻፍ ሰሌዳ ይሰቀል። 31.6 ኪሎ ሜትር የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አይጻፍ። የሚጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ዛሬ ከ41ዱ ስንት ወጡ? ተሳፋሪውም ቲኬቱን ሲቆርጥ ያንን ቁጥር አይቶ ይግባ፣ ትናንት ስንት እንደነበረም ያስታውስ።